የዲላ ቡና «የዱላ ቡና» እንዳይሆን

የፊደል መልክ በወረቀት ሂሳብ ውስጥ ስንት ያወጣል?

ደጋ አጋዘንን በስሙ የማያውቅ ነጋዴ ሊኖር ይችላል፤ መልኩን ግን በአሥር ሳንቲም ላይ ያላየ የለም። እንስሳው ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። ለዓለም የሳይንስ መዝገብ የተዋወቀውም ከአርሲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ባሉት ተራሮች ላይ ገድሎት ናሙናውን ወደ አገሩ ወሰደ። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ግን የዚሁ እንስሳ ስም በሌላ ገበያም ይጠራል። ማይክሮሶፍት «ዊንዶውስ ቪስታ» የተባለውን ሲስተም በዚያ ዓመት ለገበያ ሲያቀርብ አብሮት የወጣው የግዕዝ ፊደል ፎንት «ኒያላ» ይባላል። የነደፈው የካናዳው የታይሮ ታይፕወርክስ ባለሙያ ጆን ሃድሰን ከጄራልዲን ዌድ ጋር በመሆን ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ አሰላ፣ ከአሰላ እስከ ዲክሲስ በኮምፒውተር ተጽፎ የሚወጣ ውል፣ ማመልከቻና የጨረታ ሰነድ ብዙ ጊዜ ይህንኑ መልክ ለብሶ ኖሯል። አንድ የስንዴ ነጋዴ የብድር ማመልከቻ ሲያስጽፍ ስለ ወለዱና ስለ መያዣው ይጨነቃል እንጂ ፊደሉ ማን የቀረጸው ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አይገባው ይሆናል። መጽሐፍና ጋዜጣ ለማሳተም ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ግን ሊጠይቅ ይገባል። የፊደል መልክ የአንድን መጽሐፍ ገጽ ብዛት ይወስናል፤ ገጹ ወረቀቱን፣ ወረቀቱ ደግሞ የውጭ ምንዛሪውን ይጎትታል።

እግር ያለውና እግር የሌለው

በላቲን ፊደል የቋሚው መስመር ጫፍ ላይ እንደ ጫማ ሶል የምትዘረጋ ትንሽ ጭረት አለች። ባለሙያዎቹ «ሰሪፍ» ይሏታል። በየቢሮው የታወቀው ታይምስ ኒው ሮማን ይህች ጭረት ያለችው ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል እንዲህ ያለ ጭረት በልኩ ባይኖረውም የራሱ የሆነ አቻ አለው። ቁም ጸሐፊው የመቃ ብዕሩን በሰያፍ ቆርጦ ብራና ላይ ሲያሳርፍ ወደ ታች የሚወርደው እግር ይወፍራል፣ ወደ ጎን የሚሄደው ይቀጥናል፣ የእግሩም ጫፍ እንደ ሽብልቅ ተቆርጦ ይቀራል። ውፍረትና ቅጥነት የሚፈራረቁበት ይህ መልክ ነው የአማርኛ አንባቢ ዓይን ከዳዊት መድገም ጀምሮ የለመደው። ኒያላም ሆነ ኤስ አይ ኤል የተባለው ድርጅት በነፃ የሚያድለው «አቢሲኒካ» ከዚሁ የብዕር ልማድ የወጡ ናቸው። በኋላ የመጣው የማይክሮሶፍት «ኢብሪማ» ግን መስመሩ ሁሉ አንድ ውፍረት ያለው፣ ለስክሪን የተመቸ ቀጥ ያለ ፊደል ነው። ለደረሰኝና ለስልክ መልእክት ምንም አይወጣለትም። ሦስት መቶ ገጽ ልብ ወለድ ግን ከደረሰኝ የተለየ ነገር ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አነጋገር ማረም ያስፈልጋል። «ሰሪፍ ያለው ፊደል በራሱ ንባብ ያቀላጥፋል» የሚለው እምነት በላቲን ላይ ለአሥርት ዓመታት ምርምር ቢደረግበትም በቁርጥ አልተረጋገጠም። ዓይንን የሚያሳርፉት ልማድ፣ የፊደሉ መጠን፣ በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ክፍተት፣ የወረቀቱና የቀለሙ ጥራት ናቸው። ለግዕዝ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የላቲን ፊደላት አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ስለሚወጣ እያንዳንዱ ቃል የራሱ የሆነ ጥላ አለው። የግዕዝ ፊደላት ቁመታቸው ተቀራራቢ በመሆኑ መስመሩ እንደ አጥር ደርድሮ ይቆማል። ቀድሞ ቃልን ከቃል ይለይ የነበረው ሁለት ነጥብ በባዶ ቦታ ከተተካ ወዲህ ደግሞ ክፍተቱን በአግባቡ ካልለኩት አጥሩ በር የሌለው ይሆናል።

በዚህ ላይ አናባቢውን የሚነግረን ቅጥያ ትንሽ ናት። የካዕቡ ቅጥያ ከእግሩ ወገብ፣ የሳልሱ ከእግሩ ጫፍ ላይ ትወጣለች። ፊደሉ በዘጠኝ ነጥብ ተጽፎ፣ ቀለሙ ፈስሶ፣ ወረቀቱ ከርካሳ ሲሆን ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። «የዲላ ቡና» ብሎ የጻፈ ነጋዴ «የዱላ ቡና» ተብሎ ቢነበብበት ያስቃል። ነገሩ የሚያስቀው ግን ሰነዱ ፍርድ ቤት እስኪቀርብ ድረስ ብቻ ነው።

ሂሳቡ

አሳታሚው ፊደል የሚያሳንሰው አንባቢን ጠልቶ አይደለም፤ ሂሳቡ አስገድዶት ነው። ለምሳሌ ያህል በኤ5 መጠን በ12 ነጥብ ፊደል ሲለቀም 320 ገጽ የሚሆን መጽሐፍ እንውሰድ። ማተሚያ ቤት ገጽን በአንድ በአንድ አይቆጥርም፤ በፎርም ነው የሚቆጥረው፤ አንዱ ፎርም 16 ገጽ ነው እንበል። መጽሐፉ 20 ፎርም ይሆናል። አሳታሚው ፊደሉንና የመስመሩን ክፍተት ወደ 11 ነጥብ ቢያወርድ የጽሑፉ ስፋት በሁለት አቅጣጫ ስለሚቀንስ 16 በመቶ ያህል ቦታ ይተርፋል። መጽሐፉ ወደ 269 ገጽ ይወርዳል፤ በፎርም ሲሞላ 272 ገጽ፣ ማለትም 17 ፎርም። ሦስት ፎርም ተረፈ ማለት ነው። እትሙ 3,000 ቅጂ ቢሆን 9,000 ፎርም፣ በኤ4 ልክ 36,000 ቅጠል ወይም 72 ደስታ ወረቀት ይተርፋል።

ወረቀቱ ደግሞ ከየት ይመጣል? በአብዛኛው ከውጭ። የወንጂው ወረቀት ፋብሪካ እንኳ ለዓመታት ከውጭ በሚገባ ፐልፕ ላይ ተደግፎ ነው የኖረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ 72 ደስታ ወረቀት አሳታሚው ሊንቀው የሚችለው ነገር አይደለም። ስለዚህ ፊደሉን ያሳንሳል። አንዳንዱ ከዚያም ያልፍና ፊደሉን በኮምፒውተር ከግራና ከቀኝ ይጨምቀዋል። ይህ የከፋ ነው። ፊደል በማሽን ሲጨመቅ ወፍራሙ እግር ይቀጥናል፣ ወደ ጎን የሚሄደው መስመር እንደነበረ ይቀራል፤ ቁም ጸሐፊው በብዕሩ የፈጠረው ሚዛን ይፈርሳል። አንባቢው ምክንያቱን ሳያውቀው ሠላሳ ገጽ አንብቦ መጽሐፉን ያስቀምጠዋል። ለሁለተኛው እትም ገበያው የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው፤ በማንም ሂሳብ መዝገብ ላይ ግን እንደ ኪሳራ አይጻፍም።

የለንደኑ ጋዜጣ ያደረገው

ይህ ጭንቀት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 ስታንሊ ሞሪሰን የተባለ የፊደል ሊቅ የለንደኑን «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ አስተያየሙ ያረጀና ለዓይን የማይመች ነው ብሎ ተቸው። ጋዜጣው አልተቆጣም፤ ሰውየውን ራሱን ቀጠረው። በእርሱ መሪነት ቪክተር ላርደንት የሳለው አዲስ ፊደል እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1932 ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ። ታይምስ ኒው ሮማን የሚባለው ይኸው ነው። የሥራው ዋና ብልሃት ፊደሉ ጠባብ ሆኖ ለዓይን ግን ትልቅ መስሎ መታየቱ ነው። በአንድ መስመር ብዙ ቃል ይገባል፣ አንባቢውም እንደተጨመቀ አይሰማውም። ጋዜጣው ፊደሉን ያሠራው ለመሸጥ ሳይሆን በየቀኑ ለሚያትመው ገጽ ነው።

ለግዕዝ ፊደል እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ አሳታሚ ወይም በአንድ ጋዜጣ ወጪ ቢታሰብ ምን ያህል ያዋጣል? ወደ ምሳሌው መጽሐፍ እንመለስ። መጠኑ 12 ነጥብ እንደሆነ ሳይነካ፣ ውፍረትና ቅጥነቱ ሳይፈርስ፣ ከመነሻው በአምስት በመቶ ጠበብ ተደርጎ የተሳለ ፊደል ቢኖር 320ው ገጽ 304 ይሆናል። ልክ 19 ፎርም። በ3,000 ቅጂ 24 ደስታ ወረቀት ተረፈ ማለት ነው፤ ያውም የአንባቢውን ዓይን ሳይጎዳ። ቁጠባው ከ72ቱ ያንሳል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው እትም ብቻ አያቆምም፣ ፊደሉ እስካለ ድረስ በሚታተመው መጽሐፍ ሁሉ ላይ ይደገማል። እርሳሱ ያልቃል፣ ማሽኑ ያረጃል፤ በደንብ የተሳለ ፊደል ግን ዘጠና ዓመት እንደሚያገለግል ታይምስ ምስክር ነው።

ከሮም እስከ ብርሃንና ሰላም

የግዕዝ ፊደል በኅትመት ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ በሰው ገንዘብ ነው የተቀረጸው። የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ ታተመ። ያሳተመው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ቋንቋውን የተማረው በቫቲካን አጠገብ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነበር። ሐዲስ ኪዳንም በአባ ተስፋ ጽዮን ድካም እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 እዚያው ሮም ታተመ። በአርሲ በኩል ሲታይ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ አለ፦ ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታትሟል። ለኦሮምኛው ድምፅ የምታገለግለው «ዸ» ዛሬም በኮምፒውተር ፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ አላት።

በአገር ውስጥ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ተቋቋመ። በእርሳስ ዘመን የአማርኛ ፊደል ለቃሚ የሚቆምበት የፊደል ሣጥን ከላቲኑ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የየራሱ ጉድጓድ ያስፈልገዋልና። የጽሕፈት መኪናው ይህን ችግር በአቋራጭ ፈታው። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሥራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። ቁልፉ ለሁሉም ፊደል ስለማይበቃ አናባቢው ተለይቶ የሚቀጠልበት ዘዴ ተለመደ። ሥራውን አፋጥኗል፤ የፊደሉን መልክ ግን እንደ ስብራት አደረገው። በመኪና የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ኮምፒውተር ሲመጣ በአሜሪካ የሚኖሩት እንደ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ኢትዮጵያውያን፣ በአገር ውስጥም እንደ «ፓወር ግዕዝ» እና «ቪዥዋል ግዕዝ» ያሉ ሶፍትዌሮች ችግሩን ተረባረቡበት። ውለታቸው ትልቅ ነው። ይሁንና እያንዳንዱ ፊደላቱን በራሱ የመደበቂያ ሥርዓት ስላስቀመጠ በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ ሌላው ጋ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ዩኒኮድ በሦስተኛ እትሙ 345 የግዕዝ ምልክቶችን ለዓለም ሁሉ በአንድ ቁጥር ወሰነ። ከ2021 ወዲህ ቁጥሩ 523 ደርሷል። ከዩኒኮድ በፊት የተለቀመ መጽሐፍ እንደገና ለማሳተም የሚፈልግ አሳታሚ ዛሬም ጽሑፉን ማስገልበጥና ማሳረም አለበት፤ እርማቱ አንዳንዴ ከአዲስ ለቀማ አያንስም።

ማን ይክፈል?

ለአማርኛ ብቻ የሚበቃ ፊደል ከዲቃላዎቹ፣ ከቁጥሮቹና ከሥርዓተ ነጥቡ ጋር ወደ 300 የሚጠጋ ቅርጽ ይጠይቃል። ለላቲን ትልቁና ትንሹ ፊደል ተደምሮ 52 ነው። ደማቁ ሲጨመር ሥራው እጥፍ ይሆናል። (ዘንበል ያለውን መተው ይቻላል፤ የግዕዝ ብዕር እንዲህ ያለ ልማድ የለውም፤ ኮምፒውተሩ አጋድሞ የሚያሳየንም ፊደሉን ሊወድቅ ያለ ያስመስለዋል።) ስለዚህ መነሻ ወጪው ከፍ ያለ ነው። በሌላ በኩል አቢሲኒካም፣ ከጎግል የመጣው ኖቶ ሰሪፍ ግዕዝም፣ ከእነዚያ ቀደም ብለው «ሰናምርምር» ያሠራጫቸው፣ ከመካከላቸው በታዋቂው ቁም ጸሐፊ በይገዙ ብስራት ስም የተሰየመ ያለባቸው ፎንቶችም በነፃ ይገኛሉ። ነፃ ዕቃ በሞላበት ገበያ ፊደል ስሎ በመሸጥ የሚኖር ሰው ማግኘት ይከብዳል። የሚሸጠውም ቢሆን በማግስቱ በፍላሽ ተገልብጦ ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት ይዞራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሕጉን ይዞ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚዞር የለም።

የለንደኑ ምሳሌ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ፊደሉን ዕቃ አድርጎ ለመሸጥ ያሰበ ባለ ገንዘብ ይከስራል። ወረቀት በብዛት የሚበላ ማተሚያ ቤት ወይም አሳታሚ ግን ፊደሉ ቢገለበጥበትም ትርፉን ከራሱ ወረቀት ላይ ያገኘዋል። አራት አምስት አሳታሚዎች እንደ ዕቁብ ወይም በሽርክና ቢያዋጡ የአንዱ ድርሻ ቀላል ይሆናል። እስካሁን የታየው ዝንባሌ ተቃራኒው ነው፤ ለሽፋን ሥዕል ገንዘብ ይወጣል፣ ለውስጥ ገጹ ፊደል ግን በኮምፒውተሩ ላይ የተገኘው ይበቃል ይባላል። ገዢው መጽሐፉን የሚያነሳው በሽፋኑ ቢሆንም የሚጨርሰው በውስጡ ነው።

ሁለት ፊደል በአንድ ገጽ

ጉዳዩ ወደ አርሲ ሲመጣ ሌላ መልክ ይይዛል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን፣ በቁቤ ይጻፋል፤ የክልሉም የሥራ ቋንቋ ነው። ስለዚህ በአሰላ ወይም በዲክሲስ አንድ ውል በኦሮምኛና በአማርኛ ጎን ለጎን ሊጻፍ ይችላል። «ዲክሲስ» በግዕዝ አራት ፊደል ነው፤ በላቲን ስድስት። አማርኛው በፊደል ቁጥር ያንሳል፣ እያንዳንዱ ፊደል ግን ሰፊና ዝርዝር የበዛበት በመሆኑ በላቲኑ መጠን ከተጻፈ ይጨልማል። ልምድ ያለው ጸሐፊ አማርኛውን በአንድ ነጥብ ከፍ ያደርገዋል፤ አለበለዚያ አንደኛው ተዋዋይ ወገን በሹክሹክታ የተነገረው ይመስላል። ኒያላ ከግዕዙ ጋር አብሮ የተሳለ የላቲን ፊደል ስላለው ሁለቱን በአንድ መልክ ለማዋል ይመቻል፤ ከታይምስ ጋር ተዳብሎ ከሚወጣው የተሻለ ነው።

አንድ ተግባራዊ ጉዳይ ይቀራል። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ኒያላ ከሲስተሙ ጋር ተጭኖ አይመጣም፤ የግዕዝ ተጨማሪ ፎንቶች በሚለው አማራጭ ውስጥ ገብቶ መጫን አለበት። በኒያላ የተጻፈ የጨረታ ሰነድ ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲላክ ኢብሪማ ይተካዋል፤ መስመሩ ይገፋል፣ ሠንጠረዡ ይሰበራል፣ «ገጽ 14 አንቀጽ 3» ተብሎ የተጠቀሰው ገጽ 15 ላይ ይገኛል። ሰነዱን ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ መላክ ግን ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ጸሐፊዋን መጠየቅ ብቻ ነው።